ሳትጠየቅ የተሸጠ ቤት

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ፣ የምድር ባቡር ሠራተኞች ይኖሩበት በነበረ አንድ አሮጌ ቤት ግቢ፣ በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ የምንሰበሰብበት ዕቁብ አለን። ዕጣ የምናወጣው ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ከዐሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ነው። ባለፈው ወር ግን ዕጣ አልወጣም። ከአባላቱ አንዷ፣ ከፊራ ገበያ ቅመማ ቅመም የምትሸጥ፣ በዝምተኛነቷ የምናውቃት ሴት፣ ተነሥታ የዚያ ወር ገንዘብ ያለ ዕጣ ለእርሷ እንዲሰጣት ለመነች። ምክንያቷን ስትጠየቅ በነጠላዋ ሥር ይዛው የነበረውን ሰማያዊ ፌስታል አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው።

ከፌስታሉ የወጣውን ሁሉ አስታውሳለሁ። ጠርዛቸው የተበላ የሦስት ልጆች የክትባት ካርዶች ነበሩ። እርሷና ባሏ ጎን ለጎን የቆሙበት፣ ከኋላቸው ሦስት ሽማግሌዎች የተቀመጡበት፣ ቀለሙ የደበዘዘ ፎቶግራፍ ነበር። በባሏ ስም የመጡ የውሃ ሒሳብ ደረሰኞች ነበሩ፤ በእያንዳንዱ ጀርባ ላይ ከሱቋ አውጥታ የከፈለችውን ገንዘብ በእስክርቢቶ መዝግባበታለች። ከሁሉ በታች የቤት ሽያጭ ውል ቅጂ ነበር። የሻጭ ፊርማ አለ፤ የገዢ ፊርማ አለ፤ የምስክሮችም አለ። የሻጭ የጋብቻ ሁኔታ በተጠየቀበት ቦታ ላይ ግን «ያላገባ» ተብሎ ተጽፏል። በሽማግሌ ፊት ያገባት፣ ዐሥራ ሰባት ዓመት አብሯት የኖረው፣ ሦስት ልጅ የወለደችለት ሰው ከአንድ ቀበሌ ያላገባ የሚል ማስረጃ አውጥቶ የሚኖሩበትን ቤት ሸጦታል። እርሷ ነገሩን ያወቀችው ገዢው ሜትር ይዞ የግቢውን ስፋት ሊለካ በመጣ ዕለት ነው። ከዚያ ዕለት ወዲህ አራት ወር አልፎ ነበር። ገንዘቡን የፈለገችው ለጠበቃና ለዳኝነት ክፍያ ነው።

ገንዘቡ ተሰጣት፤ የተቃወመ አልነበረም። ባልየውን ግን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ለቅሶ ቤት ድንኳን ሲተከል ቀድሞ የሚገኝ፣ ሰው የሚወደው የሰፈራችን ልጅ ነው። ስለዚህም ወረቀቶቿን ሰብስባ ከግቢው እስክትወጣ ድረስ ማንም ስለ እርሱ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ክርክሩ የተነሣው እርሷ ከሄደች በኋላ ነው፤ የተነሣውም ስለ ባልየው ሳይሆን ስለ አንዲት ዳኛ ነበር።

የዕቁባችን ጸሐፊ የሆኑት ጡረተኛ መምህርት ደብተሩን እያጠፉ «ዕድሜ ለእነ መዓዛ አሸናፊ፤ ይህች ልጅ ቢያንስ ይዛው የምትከስበት ሕግ አላት» አሉ። ይህን ሲሰሙ ከማዶ የተቀመጡት፣ ሠላሳ ዓመት በምድር ባቡር ያገለገሉት አዛውንት ቀና አሉ። (ድሬን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ፤ እዚህ አገር ትልቁንም ትንሹንም «አንተ»፣ «አንቺ» ማለት ነውር አይደለም፤ አንቱታው በልብ ነው። የተነጋገሩትን እንደተነጋገሩት አስቀምጠዋለሁ።)

«እስቲ አስረጂኝ» አሉ አዛውንቱ። «መዓዛ ጥቅምት 22 ቀን 2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ስትሆን እኔም ደስ ብሎኛል። በዚያ ወንበር ላይ ከእርሷ በፊት ሴት አልተቀመጠችበትም። ግን አራት ዓመት ከጥቂት ወር ሠርታ በጥር 2015 ለቀቀች። ዳኛ የሚመዘነው በፍርዱ ነው። በእነዚያ ዓመታት ለሴት የተፈረደ፣ በስሟ የሚጠራ አንድ ፍርድ ንገሪኝና እኔም እንዳንቺ ልመርቃት።»

ለመልስ የቀደመው ከዕቁቡ አባላት አንዱ የሆነው ጠበቃ ነበር፤ መልሱም አዛውንቱን የሚደግፍ ሆነ። በእኛ አገር ፍርድ በዳኛ ስም እንደማይጠራ፣ አስገዳጅ የሆነው የሰበር ውሳኔም ቢያንስ አምስት ዳኞች በአንድ ችሎት ተቀምጠው የሚፈርሙት እንደሆነ አስረዳ። እርሷ በፕሬዚዳንትነት በነበረችበት ጊዜ የወጡት ሁለቱ ዋና ሕጎች፣ ማለትም የፌዴራል ዳኝነት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1233/2013 እና የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234/2013፣ ስለ ፍርድ ቤት ነፃነትና አሠራር እንጂ ስለ ሴት መብት እንዳልሆኑም ጨመረ። «ይህች ባለጉዳይ የምትከስበት የቤተሰብ ሕግ የወጣው በ1992 ነው» አለ። «መዓዛ ወንበሩ ላይ ከመቀመጧ ከዐሥራ ስምንት ዓመት በላይ ቀድሞ። ስለዚህ ጋሼ ትክክል ነው፤ ዳኛዋን በዚህ ማመስገን የዘመን ስህተት ነው።»

የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ተማሪ የሆነችው የመምህርቷ የልጅ ልጅ በዚህ ጊዜ ገባችበት። መከራከሪያዋ ጥሩ ነበርና ሳላሳጥር እጽፈዋለሁ። ዳኛ በወንበሩ ዘመን ብቻ ይመዘን ከተባለ የዓለም ታላላቅ ዳኞችም ግማሽ ታሪካቸውን ያጣሉ አለች። ምሳሌዋ አሜሪካዊቷ ሩት ቤደር ጊንስበርግ ነበረች። ጊንስበርግ እ.ኤ.አ. በ1993 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ከመሆኗ ሃያ ዓመት ያህል ቀድማ፣ በጠበቃነት በዚያው ፍርድ ቤት ፊት ስድስት ጊዜ ቀርባ ተከራክራ አምስቱን ረትታለች። ከእነዚህ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1975 የተወሰነው፣ ሚስቱ በወሊድ የሞተችበት አባት ጉዳይ ነው። ባል የሞተባት እናት ልጇን እያሳደገች የምታገኘውን የማኅበራዊ ዋስትና ክፍያ ሕጉ ለእርሱ ከልክሎት ነበር። «ወንዱን ወክላ ተከራከረች» አለች ተማሪዋ፣ «ምክንያቱም ሕጉ የሟቿን ሴት ደመወዝ ከወንድ ደመወዝ አሳንሶ ስለገመተው ነው። ለዳኝነት ያበቃት ያ ሥራ ነው። የመዓዛንም ከዚህ ለይታችሁ አትዩት።»

አዛውንቱ በዚህ ትንሽ ለዘብ አሉ። «እሺ፤ ከወንበሩ በፊት የሠራችውን ንገሩኛ!» አሉ።

ከዚህ በኋላ ለረጅም ጊዜ የተናገሩት መምህርቷ ናቸው። መዓዛ በ1980ዎቹ መጀመሪያ የከፍተኛው ፍርድ ቤት ዳኛ እንደነበረች፣ ኋላም ለሕገ መንግሥት ኮሚሽኑ በሕግ አማካሪነት እንደሠራች፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ ከሌሎች ሴት ባለሙያዎች ጋር ሆና የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን እንዳቋቋመች ተናገሩ። ማኅበሩ ከፍሎ ጠበቃ ማቆም ለማትችል ሴት በነፃ ይከራከር ነበር፤ ከዚያም የሚከራከርበት ሕግ ራሱ ሲያግደው ሕጉ እንዲለወጥ ይጠይቃል። መምህርቷ ይህን ካሉ በኋላ የአርሲዋን ልጅ ታሪክ አነሡ። የአሥራ አራት ዓመት ተማሪ ነበረች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፈረሰኞች ጠለፏት፤ ጠላፊው ደፈራት፤ በማግሥቱ የእርሱን ጠመንጃ ይዛ አመለጠች፤ ሲከተላት ተኮሰችና ገደለችው። በሰው መግደል ተከሰሰች። በቀዬዋ የተቀመጡት ሽማግሌዎች በደም ካሳና ከአካባቢው እንድትርቅ በማድረግ ነገሩን ሊያበርዱት ሞከሩ። ማኅበሩ ግን ጥብቅና ቆመላት፤ ፍርድ ቤቱም ራሷን ለመከላከል ያደረገችው ነው ብሎ በነፃ አሰናበታት።

«እኔ ስድስተኛ ክፍል ሳስተምር» አሉ መምህርቷ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ፣ «ከገና ዕረፍት መልስ ስም ስጠራ አቤት የማትለኝ ልጅ ሁልጊዜ አትጠፋም ነበር። አግብታለች ይሉኛል። ተጠልፋ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ከስም ዝርዝሩ ላይ እሰርዛታለሁ። ሌላ ማድረግ የምችለው ነገር አልነበረም። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ልጅቱን ካገባት ክሱ ይቀር ነበር። ሽማግሌ ይላካል፤ አባት ይስማማል፤ ልጅቱን ግን ማን ይጠይቃታል? ያ ድንጋጌ የተሻረው በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ነው። ዛሬ ጠልፎ ቢያገባትም ከቅጣት አያመልጥም። ይህ ለእናንተ ትንሽ ነገር ነው? እኔ ከሰረዝኳቸው ልጆች የአንዳንዶቹ ስም አሁንም አልጠፋኝም።»

ለጥቂት ጊዜ ዝም አልን። ከጎረቤት የማግሪብ አዛን ተሰማ፤ ከሐረር ጀጎል ተወልደው ድሬ ያገቡት ወይዘሮ ለሶላት ተነሥተው ወደ ውስጥ ገቡ።

ጠበቃው ግን የሚለቅ አልነበረም፤ አሁን ሳስበው ከሁሉ የጠነከረውን መከራከሪያ ያቀረበው እርሱ ነበር። በመጀመሪያ ሕጉ የአንድ ሰው እንዳልሆነ አሳሰበ። ጋብቻ በተጋቢዎች ነፃና ሙሉ ፈቃድ ብቻ እንደሚመሠረት የሚናገረው አንቀጽ 34፣ ሴት ንብረት የማፍራት፣ የማስተዳደርና የማስተላለፍ እኩል መብት እንዳላት የሚናገረው አንቀጽ 35፣ ሁለቱም በ1987ቱ ሕገ መንግሥት የገቡ ናቸው፤ የቤተሰብ ሕጉንም ያረቀቁት፣ የተከራከሩበት፣ ያጸደቁት ብዙ ናቸው። ቀጥሎ ድርጅትም ቢሆን እንደማይዘልቅ ተናገረ። ማኅበሩ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለጊዜው ታግዶ ነበር፤ በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 ደግሞ ከገቢው ከዐሥር በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ማኅበር በመብት ጉዳይ እንዳይሠራ ከለከለ፤ አዋጁ የተሻረው በ2011 በወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 ነው። «ዐሥር ዓመት!» አለ ጠበቃው። «በነፃ የሚከራከሩት ሴቶች ተበተኑ። ይህች ልጅ ጠበቃ ለመቅጠር ከእኛ ዕቁብ የለመነችው ለምን ይመስላችኋል?»

ሦስተኛው ነጥቡ ክርክሩን ከባድ አደረገው። «የጋራ ቤት ለመሸጥ የባልና የሚስት ስምምነት ያስፈልጋል የሚለው ድንጋጌ አዲስ አይደለም» አለ። «በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ነበረ። አዲሱ ሕግ አንቀጽ 68 ላይ ደገመው። ዋጋቸው ከአምስት መቶ በላይ ለሆኑ ተንቀሳቃሽ ዕቃዎችም እንዲሁ ይላል፤ ቁጥሩ እንኳ አልተለወጠም። ዛሬ አምስት መቶ ብር ከከፊራ አንድ ፌስታል አይሞላም። እንግዲህ ድንጋጌው በአሮጌውም በአዲሱም ካለ፣ ባልየውም ያላገባ የሚል ወረቀት ይዞ በሁለቱም ላይ መራመድ ከቻለ፣ የትኛውን ቅርስ ነው የምታወድሱት?»

ተማሪዋ ልትመልስ ስትል ሶላታቸውን ጨርሰው የተመለሱት ወይዘሮ ቀደሟት። እርሳቸው የመለሱት ግን ጠበቃው ለጠየቀው ሳይሆን ቀደም ሲል በመሐል ጣል አድርጎት ላለፈው ነገር ነበር፤ እዚህ አገር ግማሹ ሕዝብ ጋብቻውንና ውርሱን ወደ ቃዲ ስለሚወስድ ያ ሁሉ አዋጅ አይደርሰውም ብሎ ነበር።

«ስለ እኛ ስትናገር በደንብ ተናገር» አሉት ወይዘሮዋ። «እኔ ጀጎል ውስጥ ነው ያደግኩት። በሃይማኖታችን የሚስት ንብረት የሚስት ነው፤ ባል አይነካውም። የሴትን ንብረት አዲስ አበባ ያስተማረችን አድርገህ አታውራ። የአባቴ ውርስ የተከፈለው ቃዲ ዘንድ ነው፤ የሄድኩት ግን ወድጄ ነው። ሕገ መንግሥቱም የሚለው ይህንኑ ነው፤ ተከራካሪዎቹ ሲፈቅዱ። አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት ሴት የሸሪዓ ፍርድ ቤቱን ሥልጣን አልቀበልም ብላ እየተቃወመች በውርስ ቤት ላይ ተፈርዶባት፣ ነገሩ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ደርሶ ፈቃዷ ሳይኖር የተሰጠ ነው ተብሎ ተሽሯል። ስለዚህ ሕጉ ደርሶኛል። ቃዲ ዘንድ ስሄድ እንኳ አብሮኝ ነው የሚሄደው፤ ካልፈለግሁ አልሄድም ማለት እችላለሁና።»

ይህን ብለው ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ የተባለው ብዙ ቢሆንም አዲስ ነገር አልነበረውም፤ ሐረሪና ኦሮሚያ የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ እንዳወጡ፣ የፌዴራሉ ሕግ በቀጥታ የሚሠራው ለፌዴራል መንግሥት ተጠሪ በሆኑት በአዲስ አበባና በድሬዳዋ እንደሆነ፣ ስለዚህም በባጃጅ በሚደረስበት ርቀት ላይ ሴቲቱ የምትዳኝበት አዋጅ እንደሚለወጥ ተነሣ። ከዚያ መሸና ተበታተንን። አዛውንቱ ሲወጡ «ፍርዱን አልነገራችሁኝም» አሉ።

እነሆ ወር ሙሉ ያሰብኩበትን የበኩሌን ፍርድ እጽፋለሁ።

አዛውንቱ ስለ ወንበሩ የተናገሩት እውነት ነው። የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት መሆኗ ክብር ነው፤ በዚያ በር ለሚገቡትም ምልክት ነው። እርሷ በለቀቀችበት ዕለት ለምክትል ፕሬዚዳንትነት የተሾመችውም ሴት መሆኗን አልዘነጋሁም። ቢሆንም የከፊራዋን ባለጉዳይ ቤት የሚያስመልሰው ያ ወንበር አይደለም። እኔ ከመዓዛ ሥራ ሁሉ የማከብረው በሁለቱ የዳኝነት ዘመኖቿ መካከል ያለውን ነው። ዳኛ የሚፈርደው በመጣለት መዝገብ ላይ ነው። መምህርቷ ከስም ዝርዝር የሰረዟቸው ልጆች መዝገብ የላቸውም፤ የትኛውም ችሎት ስማቸውን ጠርቶ አያውቅም። ከዳኝነት ወንበር ተነሥቶ፣ ያልመጡትን ባለጉዳዮች ከያሉበት ይዞ ወደ ችሎት የሚያቀርብ ማኅበር ማቋቋም፣ በእኔ ዓይን አንድ ዳኛ ሊሠራው ከሚችለው ሁሉ የበለጠ የዳኝነት ሥራ ነው። የአርሲዋ ልጅ ባትከላከል ኖሮ ከተሰረዙት አንዷ ትሆን ነበር። ጠበቃ ባይቆምላት ደግሞ በተከላከለችበት ትቀጣ ነበር።

ብዙ ሰዎች ሠርተውታል የሚለውንም እቀበላለሁ፤ ግን የማንም አይደለም ወደሚል መደምደሚያ አያደርሰኝም። የብዙ ሰው ሥራ የሆነ ነገር ሁሉ ቀድሞ የተነሣ ሰው አለው፤ መጀመሪያ የተነሣውም መጀመሪያ የሚታገደው እርሱ ነው። ማኅበሩ ሲታገድና ገንዘቡ ሲደርቅ የተጎዱት እነዚያው ቀድመው የተነሡት ናቸው።

የጠበቃው ሦስተኛ ነጥብ ግን ለብዙ ቀን እንቅልፍ ነስቶኛል፤ መልሱን ያገኘሁት ከወይዘሮዋ ንግግር ነው። እውነት ነው፤ ቤት ሲሸጥ ሚስት ትስማማ የሚለው ድንጋጌ በአሮጌው ሕግም ነበረ። ያ አሮጌ ሕግ ግን ከዚያው ምዕራፍ ውስጥ፣ በአንቀጽ 635፣ ባል የቤተሰቡ የበላይ እንደሆነና ሚስት በሕጋዊ ነገር ሁሉ ልትታዘዘው እንደሚገባ ይደነግግ ነበር። የጋራውን ንብረት የሚያስተዳድረው እርሱ ነበር። ጥቂት አንቀጾች ወረድ ብሎም፣ ባል አገልጋይ ሊያቀርብላት ካልቻለ የቤቱን ሥራ ሚስት ራሷ እንድትሠራ ያዝዛል። ለጋብቻ የሚበቃው ዕድሜ ለወንድ 18፣ ለሴት 15 ነበር። ታዲያ በአሥራ አምስት ዓመቷ የተዳረች፣ እንድትታዘዝ በሕግ የታዘዘች ሴት «ቤቱን እሸጣለሁ፤ ፈርሚ» ስትባል ምን ትላለች? የመታዘዝ ግዴታ ያለባት ሰው ስምምነቷን ተጠየቀች አይባልም። የ1992ቱ ሕግ የሽያጩን ድንጋጌ አልፈጠረም፤ የፈጠረው የምትፈርመዋን ሰው ነው። የመታዘዝ ግዴታዋን አስቀረ፤ ዕድሜዋን 18 አደረገ፤ አስተዳደሩን የሁለቱ አደረገ፤ በአንዳቸው ስም ብቻ የተመዘገበ ንብረት እንኳ የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ እንደሆነ እንዲገመት ደነገገ። በአሮጌው ሕግ ጋብቻ ሳይፈጽሙ እንደ ባልና ሚስት አብረው የኖሩ ሰዎች የጋራ ንብረት አልነበራቸውም፤ አዲሱ ግን አብሮ መኖሩ ከሦስት ዓመት ካላነሰ ያፈሩት የጋራ ነው አለ። በዚህ ዓይን ስናየው የአርሲዋ ልጅ፣ ቃዲ ዘንድ ወድጄ ሄድኩ ያሉት ወይዘሮና የከፊራዋ ባለጉዳይ የሚከራከሩት ስለ አንድ ነገር ነው፤ ስለ እኔ ሲወሰን እኔ ልጠየቅ ይላሉ።

ያላገባ የሚለውንም ወረቀት በዚሁ ዓይን አየዋለሁ። ጠበቃው ሕጉ ደካማ ለመሆኑ ማስረጃ አድርጎ አቀረበው። ለእኔ ግን ባልየው ሚስቱን ፈርሚ ብሎ ማዘዝ እንደማይችል ማወቁን ያሳየኛል። ሊያዛት ስላልቻለ እንደሌለች አስቆጠራት። ይህ በደሉን አያቀልለውም፤ እንዲያውም ያከብደዋል፤ የቀበሌ ማኅተም የመታው ሰውም ከተጠያቂነት አያመልጥም። ነገር ግን የለችም የተባለች ሴት መኖሯን ማሳየት ከቻለች መንገድ አላት። ሕጉ ሽያጩን ካወቀችበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ፣ ምንም ቢሆን ውሉ ከተደረገ ሁለት ዓመት ሳያልፍ፣ እንዲፈርስላት መጠየቅ ትችላለች ይላል።

ማሳየቱ ላይ ነው እኛ የምንገባው። የጋብቻ የምስክር ወረቀት የሌላት ሴት ባልና ሚስት ሆነው መኖራቸውን በሰው ታስረዳለች፤ ዘመዶችም ሆኑ ባዕዶች አራት ምስክሮች ቀርበው፣ እርስ በርሳቸው ባልና ሚስት እንደሚባባሉ፣ ሰፈሩም እንደዚያ እንደሚያውቃቸው መናገር አለባቸው። ፎቶግራፉ ላይ ከተቀመጡት ሦስት ሽማግሌዎች ሁለቱ አርፈዋል፤ ሦስተኛው የባልየው አጎት ነው። እንግዲህ ያለነው የዕቁቡ ሰዎች ነን፤ ዐሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ «እገሌ ባለቤትሽ ደኅና ነው?» እያልን ስንጠይቃት የኖርን።

በዚህ ወር እሑድ መምህርቷ ከዕቁቡ ደብተር በስተኋላ ባዶ ገጽ ገልጠው ለምስክርነት ፈቃደኛ የሆነ ስሙን እንዲያስጽፍ ጠየቁ። በመጀመሪያው መስመር የራሳቸውን ስም ጻፉ። ሁለተኛው እኔ ነኝ። ሦስተኛው፣ በስሟ የሚጠራ ፍርድ አምጡልኝ ያሉት የምድር ባቡሩ አዛውንት ናቸው፤ መነጽራቸውን አድርገው ራሳቸው ጻፉት። ከዚያ በኋላ ደብተሩ ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ ወደ ጸሐፊዋ ተመለሰ። ባልየው የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ነገ ለቅሶ ቤት እንገናኛለን፤ ይህን አውቃለሁ። ሃያ አራት ነን። ሽያጩን ካወቀች አምስት ወር ሞልቷታል፤ አንድ ወር ቀርቷታል። ሕጉ የሚጠይቀው አራት ምስክር ነው፤ በደብተሩ ላይ ያለው የሦስት ሰው ስም ነው።